አረሙ ጋሻውን ያበጀው ለራሱ ነው

ዛሬ የማነሣው ነገር በየስልካችን ማስታወቂያው የሚመላለስ ነው። የባሕር አረም ጭማቂ በእንክብል፣ በዱቄትና በጠርሙስ እየታሸገ «በአንቲኦክሲዳንት የበለጸገ» ተብሎ ይሸጣል። ቆዳ ያድሳል፣ እርጅናን ያዘገያል፣ ከካንሰር ይጠብቃል ይባልለታል። በውጭ አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ገዝተው የሚወስዱ አሉ፤ ለወላጆቻቸው የሚልኩም አሉ። በአረሙ ውስጥ ያለው ኬሚስትሪ እውነተኛ ነው፤ ሲያውቁት ያስደንቃል። ነገር ግን ማስታወቂያው ከሚለው ጋር አይገጥምም፤ ለአንዳንዶቻችን ደግሞ አደጋ አለው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከባሕሩ ዳር እንጀምር። በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ጠረፍ፣ ሮስኮፍ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አለች። ከ1872 ጀምሮ የባሕር ሕይወት የሚጠናበት ጣቢያ አላት። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ በውሃው ከፍታና ዝቅታ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 9 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ውሃው ሲሸሽ ዓሣው አብሮ ይሄዳል፤ ሸርጣኑ ድንጋይ ሥር ይገባል። አረሙ ግን ከዓለቱ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ነውና መሸሻ የለውም። ቡናማ አካሉን ድንጋዩ ላይ ዘርግቶ ለሰዓታት ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። በሰውነቱ ካለው ውሃ አብዛኛውን አጥቶ፣ ባሕሩ ሲመለስ እንደገና የሚያንሰራራ ዝርያ አለ። ዝናብ ከጣለ በጨው የኖረው አካል ጨው በሌለው ውሃ ይመታል፤ በብርድ ወራት ውርጭ ያገኘዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ብርሃኑ ነው። አረሙ እንደ ተክል ምግቡን የሚሠራው ከብርሃን ነው። ሲደርቅ ብርሃኑን የሚቀበለው የሕዋሱ ክፍል መቀበሉን አያቆምም፤ የተቀበለውን ጉልበት ወደ ስኳር የሚለውጠው ክፍል ግን ሥራው ይስተጓጎላል። መውጫ ያጣው ጉልበት ኦክስጅን ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ለሕይወት የሚያስፈልገው ኦክስጅን ጠባዩ ይለወጥና ሱፐርኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ሌሎችም አጥቂ ውሁዶች ይሆናል። እነዚህ የሕዋሱን ስብ፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ይጎዳሉ። እንግዲህ ይህ ፍጥረት በየቀኑ እየተጠቃ ለሚሊዮኖች ዓመታት እንዴት ኖረ?

መልሱን ለመስጠት ጥቃቱ ምን እንደሆነ መግለጽ ይኖርብኛል፤ ምሳሌው ከጓዳችን ይገኛል። ቅቤ ሲከርም ሽታውና ጣዕሙ የሚለወጠው በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በስቡ ላይ ስለሚሠራ ነው። ነጠላ ኤሌክትሮን ይዞ የቀረ ቅንጣት፣ ፍሪ ራዲካል የሚባለው፣ ከአንድ የስብ ሞለኪውል ሃይድሮጅን ይነጥቃል። የተነጠቀው ሞለኪውል ራሱ ራዲካል ይሆንና ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ጎረቤቱን ይነጥቃል። ጎረቤቱም የራሱን ጎረቤት። እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ይረዝማል። አንቲኦክሲዳንት የምንለው መሐል ገብቶ ሃይድሮጅኑን በፈቃዱ የሚሰጥ፣ ከሰጠ በኋላ ግን ሌላውን ለመንጠቅ የማይቸኩል ሞለኪውል ነው፤ ሰንሰለቱ እሱ ዘንድ ይቆማል። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ የሚጨምሩት ኮሰረትና እርድ ሽታና ቀለም ከመስጠት አልፈው ይህን ሥራ የሚያግዙ፣ ፌኖል የሚባሉ ውሁዶች አሏቸው።

ሳይንሱ ወደዚህ የደረሰው ቀስ ብሎ ነው። ሞሰስ ጎምበርግ በ1900 በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ፍሪ ራዲካል ሲያሳይ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕያው አካል ውስጥ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1956 ዴንሃም ሃርማን እርጅና ራዲካሎች በሰውነት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ክምችት ነው የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። በ1969 ጆ ማክኮርድና ኧርዊን ፍሪዶቪች ሱፐርኦክሳይድን የሚያጠፋ ኢንዛይም በሰውነታችን እንዳለ አሳዩ። ሰውነት የራሱ መከላከያ ካበጀ በእርግጥም የሚከላከለው ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች በየተክሉ፣ በየፍሬው፣ በየቅጠሉ አንቲኦክሲዳንት ፍለጋ ወጡ፤ ባሕር ዳር የደረሱትም በዚሁ ፍለጋ ነው።

ያገኙት ብዙ ነው። የባሕር አረሞች በቀለማቸው ቡናማ፣ ቀይና አረንጓዴ ተብለው ይከፈላሉ። ቡናማዎቹ ከየብስ ተክሎች ጋር እምብዛም ዝምድና የላቸውም፤ የራሳቸው የሩቅ ዘር ናቸው። ኬሚስትሪያቸውም የራሳቸው ነው። ፍሎሮታኒን የሚባሉት ሞለኪውሎች ከእነሱ በቀር በሌላ ቦታ የሚገኙ አይመስልም። መሠረታቸው ፍሎሮግሉሲኖል የሚባል ትንሽ ቀለበት ነው፤ በዙሪያው ሦስት ሃይድሮክሲል ቡድኖች አሉት፤ ሦስቱም ሃይድሮጅን ሊሰጡ ይችላሉ። አረሙ እነዚህን ቀለበቶች እየቀጣጠለ ሦስት፣ ስድስት፣ ከዚያም እጅግ የረዘመ ሰንሰለት ይሠራል። በሰሜን አትላንቲክ ዓለቶች ላይ የሚበቅሉት ፉከስና አስኮፊሉም የሚባሉት ዝርያዎች ፍሎሮታኒናቸው ከደረቅ ክብደታቸው ከ10 በመቶ በላይ ሊሆን ይችላል። ከአካሉ አንድ አሥረኛውን ለመከላከያ የሚያውል ፍጥረት ያለበት ኑሮ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

እዚህ ላይ ማስታወቂያው የሚዘለው ነገር አለ። ፍሎሮታኒን ለአረሙ ሥራው ብዙ ነው። የሕዋስ ግድግዳ ይገነባበታል፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ይይዝበታል፤ ቀንድ አውጣና ሌሎች በላተኞች እንዳይደፍሩት ሥጋውን ያመርርበታል። ራዲካል ማብረድ ከሥራዎቹ አንዱ ብቻ ነው። አንድን ሞለኪውል «አንቲኦክሲዳንት» ብለን ስንጠራው በላቦራቶሪ ውስጥ ከሚያደርገው አንዱን መረጥን እንጂ ማንነቱን ተናግረን አልጨረስንም።

ቀለሙም የመከላከያው ክፍል ነው። ቡናማውን ቡናማ ያደረገው ፉኮዛንቲን ከካሮት ቀለም ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ብርሃን ለመሰብሰብና ትርፉን ለማብረድ ያገለግላል። ቀዮቹ ደግሞ ከአሚኖ አሲድ የሚሠሩ ጨረር ያዥ ውሁዶች አሏቸው። ጃፓኖች ኖሪ ብለው ሩዝ የሚጠቀልሉበት ቀይ አረም በእነዚህ የታወቀ ነው፤ አልትራቫዮሌቱን ተቀብሎ ጉዳት ወደማያደርስ ሙቀት ይለውጠዋል። ለፀሐይ መከላከያ ቅባት የተፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኖሪን ካነሣሁ አንዲት ሴት ሳልጠቅስ አላልፍም። ካትሊን ድሩ ቤከር የእንግሊዝ የአልጌ ተመራማሪ ነበረች። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ታስተምር ነበር፤ ስታገባ ግን ያገቡ ሴቶችን አንቀጥርም በሚለው የጊዜው ደንብ ከማስተማር ሥራዋ ወጣች፤ ምርምሯን ግን አልተወችም። በ1949 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ በባሕር ዛጎል ውስጥ የሚኖር ሌላ ፍጥረት ተደርጎ ይታይ የነበረው ሐምራዊ ክር የዚያው የኖሪ ዝርያ የሕይወት ግማሽ መሆኑን አሳየች። ጃፓን ውስጥ የኖሪ ገበሬዎች ዘሩ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ፣ ባሕሩ ሲሰጥ እየሰበሰቡ ሲነሣቸው እየከሰሩ ይኖሩ ነበር። የእሷ ግኝት እርሻውን ከዕድል አወጣው። እሷ ጃፓንን ሳታይ በ1957 አረፈች፤ በኡቶ ከተማ ግን መታሰቢያ ተሠርቶላት በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ይከበራል። አረሙ ለሰው ምን ይጠቅማል ብላ አልነበረም የተነሣችው። እሱ ራሱ እንዴት ይኖራል ብላ ጠየቀች፤ ጥቅሙ ተከትሎ መጣ። በአንቲኦክሲዳንቱም ነገር እኔ የምደግፈው ይህን የአጠያየቅ መንገድ ነው።

በዚህ መንገድ ከተገኙት ሁሉ የሚደንቀኝ የአዮዲን ታሪክ ነው። በ1811 በርናር ኩርቷ የሚባል ፈረንሳዊ ለናፖሊዮን ጦርነቶች ባሩድ የሚያስፈልገውን ጨው ያመርት ነበር። ከኖርማንዲና ከብሪታኒ የመጣ የባሕር አረም አመድ ይጠቀማል። አንድ ቀን የሰልፈሪክ አሲዱ በዛና ከምድጃው ሐምራዊ እንፋሎት ወጣ፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቅንጣት ሆነ። አዮዲን የተገኘው እንዲህ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1820፣ ዣን ፍራንሷ ኩዋንዴ የሚባል የጄኔቫ ሐኪም እንቅርትን በአዮዲን ማከም ጀመረ።

አረሙ ግን ለምን ያን ያህል አዮዲን ያከማቻል? ላሚናሪያ የሚባለው ረጅም ቡናማ አረም በባሕሩ ውሃ ውስጥ ካለው ከ30,000 እጥፍ በላይ አዮዲን በአካሉ ይሰበስባል። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2008፣ ፍሪትዮፍ ኩፐርና ባልደረቦቹ ምክንያቱን አሳዩ። አዮዲኑ የተቀመጠው በአዮዳይድ መልክ፣ አብዛኛው ከሕዋሱ ውጭ፣ በአካሉ ዳር ነው። ባሕሩ ሸሽቶ አረሙ ለአየር ሲጋለጥ፣ በአየር ውስጥ ያለውን ኦዞንና ከውስጥ የሚወጣውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀድሞ የሚያገኛቸው ይህ አዮዳይድ ነው። እሱ ይቃጠልላቸዋል፤ ሕዋሱ ይድናል። እስከዚያ ድረስ በሕያዋን ዘንድ አንቲኦክሲዳንት ሲባል የሚታሰበው የካርቦን ውሁድ ነበር። ይህ ግን ካርቦን የሌለበት፣ ከባሕር ውሃ በቀጥታ የተቀዳ፣ ከሁሉ ይበልጥ ቀላል የሆነ መከላከያ ነው።

ነገሩ በዚያ አያበቃም። የተቃጠለው አዮዲን ወደ አየር ይወጣል፤ እዚያ ከኦዞን ጋር ተዋሕዶ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ይፈጥራል፤ ቅንጣቶቹ አድገው የደመና ጠብታ ሊይዙ ይችላሉ። ድንጋይ ላይ የተኛ አረም ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ነገር ከባሕሩ ዳር በላይ ያለውን ሰማይ ይነካል ማለት ነው። ይህን ያህል ትልቅ ነገር በአንድ የእንክብል ጠርሙስ ላይ ሲያንስ ሳይ አዝናለሁ።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንግባ። «ጭማቂ» ስል እንደ ብርቱካን ተጨምቆ የወጣ ማለቴ አይደለም። አረሙ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ በውሃ ወይም በአልኮል ይዘፈዘፋል፤ ይጣራል፤ ፈሳሹ ሲተን የሚቀረው ዱቄት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ነገር ይለዋወጣል። ውሃ የሚያወጣውና አልኮል የሚያወጣው ይለያያል። በበጋ የታጨደውና በክረምት የታጨደው ይለያያል። ከዓለቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የበቀለውና ዝቅ ብሎ የበቀለው እንኳ አንድ አይደለም። «የባሕር አረም ጭማቂ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ስለ ጠርሙሱ ይዘት የሚነግረን ጥቂት ነው።

ጭማቂው ከወጣ በኋላ ኃይሉ ይለካል። በጣም የተለመደው መንገድ ዲፒፒኤች የሚባል ራዲካል የተሟሟበትን አልኮል መጠቀም ነው። ቀለሙ ደማቅ ሐምራዊ ነው። ጭማቂው ሲጨመርበት፣ ሃይድሮጅን የሚሰጥ ነገር ካለው ሐምራዊው እየደበዘዘ ወደ ቢጫ ይሄዳል። መሣሪያው የቀለሙን መቀነስ ይለካል፤ ቁጥር ይወጣል። ርካሽ፣ ፈጣንና ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለምደው ዘዴ ነው። በ2009 የአይስላንድ ተመራማሪዎች በአገራቸው ጠረፍ የሚበቅሉ አረሞችን በዚህና በሌሎች ዘዴዎች ሲያወዳድሩ ፉከስ ቀዳሚ ሆኖ ወጣ። ከባሕሩ ዳር ኑሮው አንጻር የሚጠበቅ ውጤት ነበር።

ግን ቁጥሩ ምን ይላል? በአንድ ብልቃጥ ውስጥ፣ በአልኮል፣ በሰው ሰውነት ውስጥ ከማይገኝ ራዲካል ጋር ሲገናኝ ይህ ጭማቂ ሃይድሮጅን ይሰጣል ይላል። ሌላ አይልም። ስለ ሆድ፣ ስለ ጉበት፣ ስለ ደም ሥር አንድ ቃል የለበትም። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ኦራክ በሚባል ተመሳሳይ ዘዴ የምግቦችን አንቲኦክሲዳንት ኃይል የሚዘረዝር ሠንጠረዥ በይነ መረብ ላይ አውጥቶ ነበር። የምግብና የማሟያ አምራቾች ቁጥሩን ለሽያጭ ማጣፈጫ አደረጉት። በ2012 መሥሪያ ቤቱ ሠንጠረዡን አነሣው፤ ምክንያቱንም በግልጽ ተናገረ፤ በብልቃጥ የተገኘው ቁጥር በሰው ላይ ስለሚኖረው ውጤት አያስረዳም፣ ያለ አግባብም እየዋለ ነው። ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አለፈው፤ ቁጥሮቹ ግን እስከ ዛሬ በየማሸጊያው ላይ አሉ።

ጭማቂውን ብንውጠው ምን ይሆናል? ፍሎሮታኒን ትልቅ ሞለኪውል ነው፤ በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ባክቴሪያዎች ይሰባብሩታል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ደም የሚገባው በብልቃጥ ከተለካው ሌላ ነገር ነው፤ መጠኑም ትንሽ ነው። ደማችን ደግሞ ባዶ ሆኖ አይጠብቀውም። ዩሪክ አሲድ ብቻውን በደም ውስጥ ካለው የአንቲኦክሲዳንት ኃይል ትልቁን ድርሻ ይይዛል። በ2004 በኦሪገን የተደረገ ጥናት ይህን በሚያምር መንገድ አሳይቷል። ሰዎች ፖም በሉ፤ የደማቸው አንቲኦክሲዳንት ኃይል ከፍ አለ። በፖሙ ፌኖሎች ነው ሊባል ሲል፣ የፖሙን ያህል ፍሩክቶስ ብቻ ሲሰጣቸውም ያው ሆነ። ጭማሪው የመጣው ስኳሩ ዩሪክ አሲድን ስለሚያበዛ ነበር።

በሰው ላይ የተደረገ የባሕር አረም ሙከራ የለም ማለቴ አይደለም። በሰሜን አየርላንድ የሚገኘው የአልስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያሳተሙትን እንደ ጥሩ ምሳሌ አየዋለሁ። ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ 80 ሰዎች ለ8 ሳምንት የአስኮፊሉም ጭማቂ እንክብል፣ ለሌላ 8 ሳምንት ደግሞ ምንም የሌለበት አስመሳይ እንክብል ወሰዱ። በመላው ቡድን ላይ ጎልቶ የወጣ ለውጥ አልታየም። ክብደታቸው እጅግ የበዛውን ለይተው ሲያዩ ግን በደም ሕዋሳታቸው ዲኤንኤ ላይ የሚታየው ጉዳት በመጠኑ ቀንሷል። ይህ ለቀጣይ ምርምር በር የሚከፍት ውጤት ነው፤ ተመራማሪዎቹም ከዚያ በላይ አላስመሰሉትም። «ካንሰርን ይከላከላል» ከሚለው ጋር ያለው ርቀት ግን ሰፊ ነው።

ያ ርቀት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ሕክምናው በውድ ዋጋ ተምሮታል። በፊንላንድ 29,133 አጫሾች ወንዶች የተካፈሉበት ሙከራ ነበር። ቤታ ካሮቲን፣ ማለትም የካሮት ቀለም፣ የታወቀ አንቲኦክሲዳንት ነውና ከሳንባ ካንሰር ይጠብቃቸዋል ተብሎ ለከፊሎቹ ለዓመታት ተሰጠ። በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በአሜሪካ ቤታ ካሮቲንን ከቫይታሚን ኤ ጋር ለአጫሾችና ከአስቤስቶስ ጋር ለሠሩ ሰዎች የሰጠው ሌላ ሙከራ ጭማሪው 28 በመቶ ሆኖ ስለተገኘ በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ሁለቱም የተጀመሩት በቅን ልቡና፣ በጥሩ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ በብልቃጥ ውስጥ ትክክል ነበር።

ራዲካሎች ጠላቶቻችን ብቻ ስላልሆኑ ነው እንዲህ የሚሆነው። ነጭ የደም ሕዋሳችን ባክቴሪያ ሲያገኝ የሚገድለው ሱፐርኦክሳይድ እየሠራ ነው፤ ይህን መሥራት የማይችሉ ሆነው የሚወለዱ ሕፃናት በተደጋጋሚ በከባድ ኢንፌክሽን ይታመማሉ። ስፖርት ስንሠራ ጡንቻችን የሚያወጣው ራዲካል ሰውነት ራሱን እንዲያጠናክር የሚነግር ምልክት ነው፤ በ2009 የታተመ የጀርመን ጥናት ብዙ ቫይታሚን ሲና ኢ እየወሰዱ ስፖርት የሠሩ ሰዎች፣ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ስፖርቱ ሳያሻሽልላቸው እንደቀረ አሳይቷል። ሰውነት ራዲካልን በልክ ይፈልጋል። ልኩን የሚጠብቁት ደግሞ በዋናነት የራሱ ኢንዛይሞች ናቸው።

ታዲያ ጭማቂው ምንም አይጠቅምም? ይጠቅማል፤ እንዲያውም ብልቃጡ እውነቱን በሚናገርበት ቦታ በደንብ ይጠቅማል። የዓሣ ዘይት ከቅቤ ይልቅ ፈጥኖ ይበላሻል። በተፈጨ ዓሣና በዓሣ ዘይት ላይ የፉከስ ጭማቂ ሲጨመር መበላሸቱ እንደሚዘገይ ታይቷል፤ የምግብ አምራቾች በፋብሪካ ከሚቀመሙት መከላከያዎች ይልቅ ከተፈጥሮ የሚገኝ ይፈልጋሉና በዚህ በኩል ያለው ተስፋ ትልቅ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ በጣሳ ውስጥ ያለ ዘይት አንጀት፣ ጉበትና ኩላሊት የለውም። ሞለኪውሉ ከራዲካሉ ጋር እንደ ብልቃጡ ፊት ለፊት ይገናኛል። አረሙን እንደ ምግብ መብላትም ሌላ ነገር ነው፤ ቃጫ፣ ማዕድንና ፕሮቲን አለው፤ በጃፓንና በኮሪያ ከጥንት የነበረ ወግ ነው። ሂጂኪ የሚባለውን ዝርያ ብቻ፣ አደገኛው ዓይነት አርሴኒክ ስለሚበዛበት፣ የብሪታኒያ የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ2004 ጀምሮ አትብሉት እያለ ነው።

የቀረኝ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ የሚመለከተው ነው፤ ዛሬ የተነሣሁበት ዋና ምክንያትም እሱ ነው። አዮዲንን ዝናብና ጎርፍ ከተራራማ አፈር እያጠቡ ወደ ባሕር ይወስዱታል። በዚህ ምክንያት በደጋ የሚኖር ሕዝባችን ለትውልዶች አዮዲን ሲያጥረው ኖሯል፤ እንቅርት ያለባቸውን እናቶችና አያቶች ሁላችንም እናውቃለን። በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ከሆኑት ሕፃናት ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት እንደነበረባቸው አሳይቷል። በ2011 ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ መጠኑ ትንሽ፣ የታወቀና ቁጥጥር ያለበት ነውና ማንም እንዳይፈራው።

የባሕር አረም እንክብል ግን መጠኑ የታወቀ አይደለም። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም አዮዲን ነው። በ2004 የታተመ ጥናት በገበያ ላይ ያሉ የሚበሉ የባሕር አረሞችን ሲለካ፣ በአንዱ በግራም 16 ማይክሮግራም፣ በሌላው በግራም ከ8,000 ማይክሮግራም በላይ አገኘ። አንድ ግራም በጣም ጥቂት ዱቄት ነው። በዚያች ጥቂት ዱቄት ውስጥ ከሃምሳ ቀን በላይ የሚበቃ አዮዲን ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ለረጅም ዘመን አዮዲን አጥሮት ታይሮይድ የሚባለው የአንገቱ ዕጢ ያበጠ ሰው ይህን ያህል አዮዲን በድንገት ሲያገኝ ምን ይሆናል? ዕጢው ውስጥ ያሉት እብጠቶች አንዳንዶቹ ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ መስማት ትተው በራሳቸው መሥራት የለመዱ ናቸው። የጎደላቸው አዮዲን ብቻ ነበር። ሲያገኙ የዕጢውን ሆርሞን ያለ ልክ ያመርታሉ። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ በዕድሜ የገፉት ላይ የልብ ምት ይዛባል፤ ይህም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በ1990ዎቹ ዚምባብዌና ኮንጎ ውስጥ በጨው ላይ የሚጨመረው አዮዲን ከልክ በበዛ ጊዜ ይኸው ታይቷል። በተቃራኒው ደግሞ በአንዳንድ ሰው ላይ ብዙ አዮዲን ዕጢውን ያደነዝዘውና ሥራው ይቀንሳል። በደጋ ተወልዳ አድጋ ዛሬ በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት የምትኖር፣ አንገቷ ላይ ትንሽ እብጠት ያለባት እናት፣ ልጇ በመልካም ሐሳብ የገዛላትን የአረም እንክብል ስትውጥ ይህ ሁሉ ሊደርስባት ይችላል። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ግን «አንቲኦክሲዳንት» ብቻ ነው።

ሕግ አውጪዎች ይህን ያውቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት ኤክሎኒያ ካቫ ከሚባል የእስያ ቡናማ አረም የተነጠረ ፍሎሮታኒን እንዲሸጥ ሲፈቅድ፣ ለአዋቂ በቀን ከ263 ሚሊግራም እንዳያልፍ ወስኗል። የታይሮይድ ሕመም ያለበት ወይም ለሕመሙ የተጋለጠ ሰው እንዳይወስደው፣ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም እንዳይሰጥ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አዟል። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበርም በ2013 በቀን ከ500 ማይክሮግራም በላይ አዮዲን ያለባቸውን የአዮዲንና የባሕር አረም ማሟያዎች ማንም እንዳይወስድ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ጭምር፣ መክሯል።

እንግዲህ በቤታችሁ ይህ ጠርሙስ ካለ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። የአዮዲኑ መጠን በማይክሮግራም ተጽፎ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ካልተጻፈ አትውሰዱት። አንገቱ ላይ እብጠት ላለበት፣ የታይሮይድ መድኃኒት ለሚወስድ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡ። ወላጆቻችሁ ጀምረውት ከሆነና ልባቸው ያለ ምክንያት የሚመታ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚከሱ ከሆነ፣ እንክብሉን አቁመው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ጠርሙሱንም ይዘው ይቅረቡ። ሐኪሙ ምን እንደወሰዱ ካላወቀ፣ የአዮዲን ብዛት ያመጣውን ሕመም ከሌላ የታይሮይድ ሕመም ለመለየት ይቸገራል፤ ሕክምናው ግን እንደ ምክንያቱ ይለያያል።